ምዕራፍ ሰባት፦ መንገዱን የሚነግረን የቱ ቃል ነው?

«ልጁ ሮጦ ገባ።» በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ተነግሮናል። አንደኛው ልጁ በምን አኳኋን እንደተንቀሳቀሰ ነው፤ ሮጧል። ሁለተኛው ወዴት እንደሄደ ነው፤ ገብቷል። ዓረፍተ ነገሩን የሚቋጨው፣ የሰዋስው መምህራን ማሰሪያ አንቀጽ የሚሉት ግሥ፣ «ገባ» ነው። «ሮጦ» ቦዝ አንቀጽ ስለሆነ ብቻውን ሐሳብ አይጨርስም፤ «ልጁ ሮጦ» ብለን ዝም ብንል ሰሚው «ሮጦ ምን ሆነ?» ማለቱ አይቀርም። እንግሊዝኛ ይህንኑ ድርጊት «ዘ ቦይ ራን ኢን» ይለዋል። እዚህ ግን ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረው «ራን»፣ ማለትም «ሮጠ»፣ ነው። መግባቱን የምትነግረን «ኢን» የምትባል፣ ጊዜም ጾታም ቁጥርም የማትለይ ትንሽ ቃል ናት። አማርኛ በማሰሪያው የተናገረውን እንግሊዝኛ ለአጃቢ ቃል ሰጠው፤ አማርኛ በቦዝ ያለፈውን ደግሞ እንግሊዝኛ ማሰሪያ አደረገው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት ነገር ይህ ነው፦ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በየቦታው ተበታትነው የምናገኛቸው የእንግሊዝኛ አስቸጋሪ ነገሮች፣ ማለቂያ የሌለው የፍሬዛል ቨርብ (የግሥና የአጃቢ ቃል ጥምር) ዝርዝር፣ የ«ቱ» አገባብ፣ የትርጉም መጻሕፍት የሚጎረብጥ አማርኛ፣ አብዛኞቹ ከዚህ ከአንዱ መገለባበጥ የሚመነጩ ናቸው። ሥሩን ያወቀ ተማሪ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ መሸምደድ አያስፈልገውም።

ልዩነቱን በዓለም ቋንቋዎች ደረጃ አጥርቶ ያሳየው አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ሌናርድ ታልሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ረጅም ጥናት (በዚህ ምዕራፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእንቅስቃሴን ሐሳብ በታትኖ አየው፤ የሚንቀሳቀሰው ነገር፣ የሚንቀሳቀስበት መንገድ፣ የሚንቀሳቀስበት አኳኋን። ከዚያም አንድ ጥያቄ አነሣ፦ መንገዱን የሚሸከመው የትኛው ቃል ነው? እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ሩሲያኛ መንገዱን ከግሡ ውጭ ባለ አጃቢ ቃል ወይም ቅጥያ ላይ ይጭኑታል። ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛ፣ ቱርክኛና ዕብራይስጥ ደግሞ መንገዱን ራሱ ግሡ ውስጥ ያስገቡታል። የእኛዎቹ «ገባ»፣ «ወጣ»፣ «ወረደ»፣ «ተሻገረ»፣ «አለፈ»፣ «ተመለሰ»፣ «ደረሰ» እያንዳንዳቸው በውስጣቸው አንድ አንድ መንገድ ይዘዋል። ስለዚህ አማርኛ ከሴማዊ ዘመዱ ከዕብራይስጥ ጋር፣ በቦዝ አጠቃቀሙም ዘመዱ ካልሆነው ከቱርክኛ ጋር በአንድ ወገን ይቆማል። ቱርክኛም እንደ እኛው ሩጫውን በማያስር ግሥ ይናገርና በ«ገባ» ያስራል። ልዩነቱ የዝምድና ጉዳይ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ የሩቅ ዘመዳሞች ሆነው ሳለ በዚህ ጉዳይ ወገናቸው ይለያያል።

ነገሩን ቀረብ ብለን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንየው። «ሺ ራን ባክ ዳውን ዘ ሂል ኢንቱ ዘ ቪሌጅ ቱ ኮል ሀር ብራዘር።» አማርኛው «ወንድሟን ልትጠራ ቁልቁለቱን እየሮጠች ወርዳ ተመልሳ መንደር ገባች» ነው። እንግሊዝኛው የተጠቀመው ግሥ ሁለት ብቻ ነው፤ «ራን» እና «ኮል»። አማርኛው አምስት ተጠቅሟል፤ «ልትጠራ»፣ «እየሮጠች»፣ «ወርዳ»፣ «ተመልሳ»፣ «ገባች»። ትርፎቹ ሦስት ግሦች ከየት መጡ? «ባክ» «ተመልሳ» ሆነ፣ «ዳውን» «ወርዳ» ሆነ፣ «ኢንቱ» «ገባች» ሆነ። አጃቢ ለነበረው ለእያንዳንዱ ቃል አማርኛ አንድ ሙሉ ግሥ ከፍሏል። አምስቱም ግሦች ደግሞ የልጅቱን ሴትነት በየራሳቸው ያመለክታሉ፤ እንግሊዝኛው ግን «ሺ» ብሎ ከጀመረ በኋላ ወንድሟ እስኪጠቀስ ድረስ ስለ ጾታዋ ምንም አላለም። ቅደም ተከተሉንም ልብ እንበል። እንግሊዝኛው የእግሯን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ሩጫው፣ ቀጥሎ መመለሱ፣ ቀጥሎ ቁልቁለቱ፣ ቀጥሎ መንደሩ፣ በመጨረሻ የሄደችበት ጉዳይ። አማርኛው ጉዳዩን አስቀድሞ ይነግረንና ልጅቱን መንደር አድርሶ ያቆማል። በእንግሊዝኛ ከአንድ ግሥ በኋላ እንዲህ አጃቢ ቃላትን መደርደር ቀላል ነው፤ ልጅቱን በዚያው በአንዱ «ራን» በድልድይ ማሻገር፣ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ማሳለፍ፣ በጓሮ ማስገባት ይቻላል። አማርኛ ያንን ሁሉ በቦዝ በቦዝ ቢከምረው ዓረፍተ ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ ጥሩ አማርኛ ጸሐፊ ወይ ይቆርጠዋል፣ ወይ አንዱን መንገድ ሰሚው ራሱ እንዲረዳው ትቶ ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «አማርኛም እኮ የመንገድ ተውሳከ ግሥ አለው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እውነቱን ነው። «ሽቅብ ሮጠ»፣ «ቁልቁል ተንከባለለ»፣ «ወደ ቤት ሮጠ» እንላለን፤ በእነዚህ ሁሉ ማሰሪያው የአኳኋን ግሥ ነው፣ አቅጣጫውን የተሸከመው ሌላ ቃል ነው፣ ልክ እንደ እንግሊዝኛው። ነገር ግን ደፍ እስከሚታለፍበት ቦታ ድረስ ብቻ ነው። «ልጁ ወደ ቤት ሮጠ፤ ግን ሳይገባ በሩ ላይ ያዙት» ማለት ይቻላል፤ «ወደ ቤት ሮጠ» የነገረን አቅጣጫውን እንጂ መግባቱን አይደለም። «ልጁ ሮጦ ቤት ገባ፤ ግን ሳይገባ ያዙት» ብንል ግን ራሳችንን ተቃረንን። «ውስጥ» የሚለውን ቃል ብንጨምርስ? «ልጁ ቤት ውስጥ ሮጠ» ስንል ልጁ ቀድሞውንም ቤት ውስጥ ነበረ፤ ሩጫው በግድግዳዎቹ መካከል ነው። ስለዚህ አማርኛ ወሰን ማለፍን ለማንም አጃቢ አይሰጥም፤ ለመግባት «ገባ»፣ ለመውጣት «ወጣ»፣ ለመሻገር «ተሻገረ» የግድ ነው። በስፓኒሽ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎችም ያገኙት መስመር ይኸው ነው፤ «ወደ ቤት ሮጠ» የሚለው ዓይነት ይፈቀዳል፣ ደፍ ሲታለፍ ግን ቋንቋው የመንገድ ግሥ ይጠይቃል። እንግሊዝኛ ከስም በፊት «ኢን» እና «ኢንቱ» በሚሉ ሁለት ቃላት የሚለየውን እኛ የምንለየው ግሡን በመለወጥ ነው። ተማሪዎቻችን ሁለቱን ቃላት የሚያምታቱትም ለዚህ ይመስለኛል፤ በአማርኛ ያን ሥራ የሚሠራ መስተዋድድ ስለሌለ ልዩነቱን የሚያንጠለጥሉበት ቦታ የላቸውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። እንግሊዝኛ የግሡን ቦታ ለአኳኋን ነጻ ስላደረገ የአኳኋን ግሦቹ ብዙ ናቸው፤ መንገድን በግሥ የሚናገሩ ቋንቋዎች ግን በአኳኋን ድሆች ናቸው የሚል አስተያየት በጥናቶች ውስጥ ተደጋግሞ ይነበባል። ለዚህ ብዙ ማስረጃ ያቀረበው የበርክሊው ዳን ስሎቢን ነው። መርሰር ሜየር በ1969 ያሳተመው፣ ቃል የሌለበት፣ አንድ ልጅና ውሻው የጠፋ እንቁራሪት ሲፈልጉ የሚያሳይ የሥዕል መጽሐፍ አለ። ስሎቢንና ባልደረቦቹ ይህን መጽሐፍ ለእንግሊዝኛ፣ ለጀርመንኛ፣ ለስፓኒሽ፣ ለዕብራይስጥና ለቱርክኛ ተናጋሪዎች እያሳዩ ታሪኩን አስተረኳቸው፤ ውጤቱ በ1994 በመጽሐፍ ወጣ። ጉጉት ከዛፍ ቀዳዳ የምትወጣበት ሥዕል ላይ ሲደርሱ ጥቂት የማይባሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በረረች፣ ተስፈንጥራ ወጣች የሚያሰኝ ግሥ ተጠቀሙ፤ የስፓኒሽ፣ የዕብራይስጥና የቱርክኛ ተናጋሪዎች ከሞላ ጎደል «ወጣች» ብለው አለፉ። የስሎቢን ማብራሪያ ያሳምነኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አኳኋኑን ሲናገር ተጨማሪ ቃል አያወጣም፤ ግሡ የግድ መኖር ስላለበት ቦታው ክፍት ነው። በሌሎቹ ቋንቋዎች አኳኋን ተጨማሪ ወጪ ነው፤ አስፈላጊ ካልሆነ ይቀራል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ አማርኛ በአኳኋን ድሃ ነው ማለት ስሕተት ነው። አማርኛ ሀብቱን ያኖረው ሌላ ጎተራ ውስጥ ነው። «ዘው ብሎ ገባ»፣ «ሰተት ብሎ ገባ»፣ «ሹልክ ብሎ ወጣ»፣ «ግር ብለው ወጡ»፣ «ሽው ብሎ አለፈ»፣ «ዱብ ብሎ ወረደ»። «ዘው» ያለው ሰው ሳይፈቀድለት በድንገት ገብቷል፤ «ሰተት» ያለው የሚያግደው አጥቶ እንደ ቤቱ ገብቷል። ሁለቱ ቃላት ስለ እግር አረማመድ ብቻ አይነግሩንም፤ ስለ ሰውየው ድፍረት፣ ስለ በሩ ጠባቂ፣ ስለ ተናጋሪው ቅያሜ ጭምር ይነግሩናል። ለእነዚህ አቻ የሚሆን የእንግሊዝኛ ግሥ መፈለግ ይቻላል፣ ይገኛልም፤ ነገር ግን የእኛዎቹ ቃላት ከ«አለ» ጋር የሚውሉ የራሳቸው ዘር ናቸው፣ ቁጥራቸውም ብዙ ነው። ከእነርሱ መካከል ደግሞ መንገዱንና አኳኋኑን አንድ ላይ የሚውጡ አሉ፤ «ብቅ አለ»፣ «ከተፍ አለ»፣ «እልም አለ»። «ከተፍ አለ» ውስጥ መድረስም ድንገተኛነትም አለ፣ ሌላ ግሥም አይፈልግም። የታልሚ ክፍፍል እዚህ ላይ ይላላል። ቋንቋዎችን በሁለት ሣጥን የሚከት ሕግ ሳይሆን የቋንቋን ዝንባሌ የሚያሳይ መለኪያ አድርጎ መያዙ ይሻላል እላለሁ። ዝንባሌው ግን እውነተኛ ነው፤ ከ«ዘው» እና ከ«ሰተት» በኋላ እንኳ ደፉን የሚያሳልፈው «ገባ» ነው።

የእንግሊዝኛው ሥርዓት እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ የሚያሳዩት የድምፅ ግሦች ናቸው። «ዘ በስ ሮርድ ፓስት» ቢባል «ሮር» ማጓራት ነው፣ እንቅስቃሴ የለበትም። አንበሳ ተኝቶም ያገሣል። ነገር ግን «ፓስት» የምትል ቃል ስትከተለው አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፣ አለፈም። አማርኛ «አውቶቡሱ እያጓራ አለፈ» ማለት አለበት፤ «አውቶቡሱ አጓራ» ብሎ በጎኑ ምንም ዓይነት ተውሳከ ግሥ ቢያስቀምጥ አውቶቡሱ ከቆመበት አይነቃነቅም። ዝንብም በእንግሊዝኛ ጥዝዝታዋን ማሰሪያ አድርጋ ትገባለች፤ በእኛ «ጥዝዝ እያለች ገባች» ነው። ታዲያ በእንግሊዝኛው እንቅስቃሴውን ያመጣው ማን ነው? አዴል ጎልድበርግ በ1995 ባሳተመችው መጽሐፍ የሰጠችው መልስ የዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ራሱ ትርጉም አለው የሚል ነው። ግሥና የመንገድ ቃል ጎን ለጎን ሲቆሙ ቅርጹ «ተንቀሳቀሰ» የሚለውን ሐሳብ ከራሱ ያዋጣል፤ ግሡ የሚያዋጣው ቀለሙን ነው። ይህን የተረዳ የእኛ ተማሪ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን «ግሥ ሲደመር አውት» ሲያገኝ መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ግማሹን ያውቃል፤ የሆነ ነገር የሆነ ቦታ ለቆ ወጥቷል።

እንግሊዝኛ ሁልጊዜ እንዲህ ነበረ ወይ? መሠረቱ የቆየ ነው፤ ከጀርመናውያን ዘመዶቹ ጋር የወረሰው ነው። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ግን ፈረንሳይኛ የመኳንንትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፣ ከእርሱም ጋር የመንገድ ግሦች ገቡ፤ «ኤንተር»፣ «ዲሴንድ»፣ «ሪተርን»፣ «አራይቭ»። እንግሊዝኛ ዛሬ ሁለት ልብስ አለው፤ የቤት ልብሱ «ጎ ኢን» እና «ጎ ዳውን» ነው፣ የክብር ልብሱ «ኤንተር» እና «ዲሴንድ»። ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም እንደ «ገባ» እና «ወረደ» መንገዱን በውስጡ ይዟል። የሚሳሳተውም እዚያው ነው። «ኤንተርድ ቱ ዘ ክላስ» ይላል፣ ምክንያቱም አማርኛው «ወደ ክፍል ገባ» ነው፤ «ሪተርን ባክ» ይላል፣ ምክንያቱም አማርኛው «ወደ ኋላ ተመለሰ» ነው። እንግሊዝኛ ግን መንገዱ አንድ ጊዜ ግሡ ውስጥ ከገባ በአጃቢ እንዲደገም አብዛኛውን ጊዜ አይፈቅድም። የ«ጎ ሆም» ነገርም እንዲሁ ነው። መምህራን «ሆም» ከሚለው በፊት «ቱ» አይገባም ብለው ያስሸመድዳሉ። ይህ ግን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ይህ ስም ብቻውን መድረሻን ያመለክት ነበር፤ በአማርኛ «ቤት ሄደ»፣ «ገበያ ሄደ»፣ «ሥራ ሄደ» እንደምንለው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ለ«ሆም» ብቻ ያስቀረውን እኛ ለገበያውም ለሥራውም እንጠቀምበታለን።

አሁን ወደ «ቱ» እንምጣ፤ የእንቅስቃሴ ግሥ ከንዑስ አንቀጽ ጋር ሲጣመር ያለው ነገር ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደስት ነውና። በጥንቱ እንግሊዝኛ ንዑስ አንቀጽ ያለ «ቱ» ይነገር ነበር። «ቱ» የምትገባው በተለይ ዓላማ ሲነገር ነበር፤ አቅጣጫ አመልካች መስተዋድድ ነበረች፣ ግሡም የስም ዓይነት መጨረሻ ይዞ ከእርሷ በኋላ ይቆም ነበር። «ሊጠጣ መጣ» ለማለት «ወደ መጠጣት መጣ» የሚመስል ነገር ይሉ ነበር። አማርኛው «ለመጠጣት» የተሠራው በዚሁ ጥበብ ነው፤ «ለ» እና «መጠጣት»። «ሊጠጣ» ውስጥም ያው «ለ» አለ። ስለዚህ «ዌንት ቱ ሲ» እና «ሊያይ ሄደ» በአጥንታቸው አንድ ናቸው፤ ሰውየው ሄዷል፣ ማየቱ ግን ገና ዓላማ ነው። «ሊያየው ሄደ፤ ግን አላገኘውም» ይባላል። «ዌንት ኤንድ ሶው» ደግሞ «ሄዶ አየ» ነው፤ «ሄዶ አየው፤ ግን አላገኘውም» እንደማይባል ሁሉ እንግሊዝኛውም አይባልም። ይህን ልዩነት ለማስተማር መማሪያ መጻሕፍት ገጽ ሙሉ ሲያብራሩ ይታያል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን «ሊ» እና «ሄዶ» ብሎ ማሳየት ይበቃል። «ስቶፕድ ቱ ቶክ» እና «ስቶፕድ ቶኪንግ» የሚያስከትሉት ግራ መጋባትም በዚሁ ይፈታል፤ የመጀመሪያው «ሊያወራ ቆመ» ነው፣ ሁለተኛው «ማውራት አቆመ»።

ከዚህ ጋር የሚመጣ ሦስተኛ ቅርጽ አለ፤ አሜሪካውያን በንግግር የሚያዘወትሩት «ጎ ሲ»። ሁለት ግሥ ያለ ምንም ማያያዣ ጎን ለጎን ይቆማል፣ ልክ «ሄደህ እይ» እንደማለት። ነገር ግን የሚሠራው ሁለቱም ግሦች ቅጥያ ሳይኖራቸው ራቁታቸውን ሲቆሙ ብቻ ነው። «አይ ዊል ጎ ሲ» ይባላል፤ በኃላፊ ጊዜ «ዌንት ሶው»፣ ወይም ለሩቅ ነጠላ «ጎዝ ሲዝ» አይባልም። የእኛ «ሄዶ አየ» እንዲህ ያለ አጥር የለበትም፤ «ሄጄ አየሁ»፣ «ሄደሽ ታያለሽ»፣ «ሄደው ይዩ» በሁሉም አካልና ጊዜ ይሄዳል። ምክንያቱ ቦዙ ራሱ በአካል መርባቱ ነው። እንግሊዝኛን እንደ ተለዋዋጭ፣ አማርኛን እንደ ግትር ለሚያዩ ሰዎች ይህ ጥሩ ማስተካከያ ይመስለኛል፤ በዚህ በር የሚያልፈው አማርኛው ነው።

የ«ጎ» እና የ«ቱ» ጉርብትና ደግሞ አዲስ ጊዜ ወልዷል። «አይ አም ጎዪንግ ቱ ባይ ብሬድ» መጀመሪያ «ዳቦ ልገዛ እየሄድኩ ነው» ነበረ። ልገዛ የሚሄድ ሰው ገና አልገዛም፣ ሊገዛ ግን አስቧል፤ ቀስ በቀስ መሄዱ ደበዘዘና ሐሳቡ ብቻ ቀረ። በ1646 ሰዋስው የጻፈው ጆሹዋ ፑል ይህን አነጋገር የሚመጣ ጊዜ ምልክት አድርጎ መዝግቦታል። ዛሬ «ሊዘንብ ነው» ለማለትም ይኸው «ጎዪንግ ቱ» ያገለግላል፤ ዝናቡ ግን ወዴትም አልሄደም። አማርኛ በ«ልገዛ ነው» እዚያው ቦታ የደረሰው «ሄደ»ን ሳይጠራ፣ የዓላማውን «ለ» ከ«ነው» ጋር ብቻ አጋብቶ ነው። «ሄደ» እና «መጣ»ን ደግሞ ለሌላ ሥራ ላካቸው፤ «እየጨለመ ሄደ»፣ «እየተሻለው መጣ»፣ «ነገሩ እየገባኝ መጣ»። ለመጨረሻው እንግሊዝኛም «ከም ቱ» ይላል፤ «ከም ቱ አንደርስታንድ» ሲል እንደ እኛው መረዳትን ቀስ ብሎ እንደሚመጣ ነገር አድርጎ ያየዋል።

አሁን ወደ ተማሪው ትልቁ ሸክም፣ ወደ ፍሬዛል ቨርብ፣ መግባት እንችላለን። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ ለውጭ አገር ሰው ትልቁ ችግር ግሥ ከእነዚህ ትንንሽ ቃላት ጋር ሲጣመር የሚያመጣው ትርጉም መሆኑን ገልጿል፤ ችግሩ ዛሬም እንዳለ ነው። በየመማሪያ መጻሕፍቱ መጨረሻ የሚታተመው ዝርዝር በፊደል ተራ ስለሚቀመጥ ተማሪው ምንም ሥርዓት አያይበትም። ታልሚ በ1991 ባወጣው ጽሑፍ ግን ይኸው ሥርዓት ከእንቅስቃሴ አልፎ ወደ ድርጊት ፍጻሜ እንደሚሄድ አሳየ፤ አማርኛም ምስክር ይሆነዋል። «ኢት አፕ» በአማርኛ «በልቶ ጨረሰ» ነው፤ «ብሎው አውት» «እፍ ብሎ አጠፋ»፤ በርን «ኪክ ኦፕን» «ረግጦ ከፈተ»። እንደ «ሮጦ ገባ» ሁሉ አማርኛ ፍጻሜውን በማሰሪያ፣ አድራጎቱን በቦዝ ተናገረ፤ እንግሊዝኛ አድራጎቱን ግሥ አድርጎ ፍጻሜውን ለአጃቢ ሰጠ። እንደ «ፑት አፕ ዊዝ» ያሉትስ? ከ«ማስቀመጥ» እና ከ«ላይ» ተነሥቶ «መታገሥ» ላይ የሚደርስ የለም፤ እነዚህን መሸምደድ ግድ ነው። ነገር ግን ለእነርሱ ሲባል ሕግ ያላቸውን በመቶ የሚቆጠሩትን አብሮ ማስሸምደድ ጉልበት ማባከን ነው፤ ዝርዝሩ በግሡ ፊደል ሳይሆን በአጃቢው ቃል ተመድቦ ቢታተም ተማሪው «አውት»ን አንድ ጊዜ ተምሮ ሃምሳ ቦታ ይጠቀምበታል።

እግረ መንገዴን አንድ ከመጠን ያለፈ ድምዳሜ ላርም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሩጫውን፣ እኛ መግባቱን በማሰሪያ ስለምንናገር ዓለምን በተለያየ ዓይን እናያለን የሚሉ አሉ። አና ፓፓፍራጉና ባልደረቦቿ በ2002 ባወጡት ጥናት የእንግሊዝኛና የግሪክኛ ተናጋሪዎችን አነጻጽረዋል፤ ግሪክኛ በዚህ ጉዳይ ወደ እኛ ወገን ያጋድላል። ሰዎቹ ያዩትን ሲናገሩ እንደየቋንቋቸው ተለያዩ፤ ያዩትን ሲያስታውሱ ግን አልተለያዩም። «ገባ» ያለው ሰው ሩጫውን አይቶታል፣ አልነገረንም እንጂ። ስሎቢን ራሱ የሚለው ቋንቋ የሚጫነው ለመናገር ስናስብ ያለችውን ቅጽበት ነው። እኔም ከዚያ አልፌ አልሄድም።

ለተርጓሚ ግን ያች ቅጽበት ሥራው ሁሉ ናት። «ዌንት ኢን» የሚለውን ቃል በቃል የተከተለ ተርጓሚ «ወደ ውስጥ ገባ» ይላል፣ «ወደ ውጭ ወጣ»፣ «ወደ ታች ወረደ» ይላል። «ወደ ውስጥ ገባ» ቦታ የለውም አልልም፤ በረንዳ ላይ የቆመ እንግዳ ወደ ጓዳው ሲዘልቅ ያስፈልጋል። በየመስመሩ ሲደጋገም ግን መንገዱ ሁለት ጊዜ ተነገረ፣ እንግሊዝኛው ያለው አኳኋንም ብዙ ጊዜ በዚያው ጠፋ። ተርጓሚ ሆይ፣ ትርጉምህን ከግሡ አትጀምር፤ ከአጃቢው ጀምር። «ዘ ካት ክሬፕት አውት ፍሮም አንደር ዘ ቤድ» ስታገኝ «አውት»ን ማሰሪያ አድርገህ «ወጣች» በል፣ ከዚያ «ክሬፕት»ን በቦዝ መልሰው፤ «ድመቷ ከአልጋው ሥር ሹልክ ብላ ወጣች»። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሆን ጥንቃቄው ይብሳል፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ግሣችን ሁለት መንገድ ይዟል። ግእዝ መውጣትን «ወጽአ»፣ ወደ ላይ መውጣትን «ዐርገ» ብሎ ሲለይ፣ ለፀሐይ ደግሞ «ሠረቀ» የሚል የራሷ ግሥ ነበረው፤ ምሥራቅ የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። አማርኛ ሦስቱንም በ«ወጣ» ጠቀለላቸው፤ ከቤት ይወጣል፣ ተራራ ይወጣል፣ ፀሐይም ትወጣለች። እንግሊዝኛ ግን ከአድማስ ስትነሣ «ኬም አፕ»፣ ከደመና ጀርባ ስትገለጥ «ኬም አውት» ይላል። «ፀሐይ ወጣች» የሚለውን የሚተረጉም ሰው ሰዓቱ ንጋት ይሁን ወይም ሰማዩ ደመና ኖሮት እንደሆነ በቀደመው ገጽ ሳይፈልግ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይችልም።